ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት፤ ለትንሽ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ለምትገዙ

ሕግ ተምሬ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ለዘመድም ለወዳጅም ደጋግሜ የሰጠሁት ምክር ቢኖር «ሳታነብ አትፈርም» የሚለው ነው። ይህን ምክር ስንቱ እንደ ሰማኝ አላውቅም። እኔው ራሴ ግን ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ስገዛ ሳላነብ ፈረምኩ። ያስቆጨኝ ደግሞ የከፈልኩት የራሴን ገንዘብ አለመሆኑ ነው። የእህቴ ልጅ የእቁብ ብር ነበር።

ልጅቷ የምትኖረው መልካ ጀብዱ ነው። መልካ ጀብዱን ለማታውቁ፣ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተገነባባት፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም የሚቀርባት ስፍራ ነች። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆባታል። መጋዘንና ቤት በሚሠራበት አካባቢ ስዕል የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅም በቴክኒክና ሙያ ድራፍቲንግ ተምራ፣ እናቷ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ያገለገለ ትንሽ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አስቀምጣ በአውቶካድ ስዕል እየሠራች ትተዳደራለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ተቋራጭ የመጋዘን ስዕል በሦስት አውታር ሠርታ እንድታስረክብ ቀን ቆርጦ ሰጣት። ኮምፒውተሩ ግን ስዕሉን ባዞረችው ቁጥር እየተንቀራፈፈ አላሠራ አላት። የሙያ ጓደኞቿ «1030 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ግዢ፣ ለትንሿ ሳጥን የሚሆነው እሱ ነው» አሏት። የእቁብ ዕጣዋ በዚያው ሰሞን ደርሷት ስለነበር ብሩን ለእኔ ሰጠችኝ። «አቦ አጎቴ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ነጋዴ አያታልልህም» አለችኝ። (ድሬዳዋ ውስጥ ታላቅን «እርስዎ» ማለት እንግድነትን ያሳብቃል።)

ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ ገብቼ «1030 አለህ?» አልኩ። አለ። ከፈልኩ፤ ወሰድኩላት። ተገጠመ፤ ሠራ። ነገር ግን ስዕሉ መንቀርፈፉን አልተወም። አንድ ጠጋኝ መጥቶ ካርዱን በፕሮግራም ሲፈትሸው የገዛነው ስሙ 1030 የሆነ፣ ማስታወሻው ግን የዘገየ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ሱቁ ተመልሼ ስሟገት ሻጩ ረጋ ብሎ «1030 አልከኝ፤ 1030 ሰጠሁህ። ዓይነቱም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ካርቶኑን አየሁት። እውነትም በትናንሽ ፊደላት ተጽፏል። ተቋራጩ የሰጠው ቀን አለፈና ሥራው ለሌላ ሰው ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ጠየቅኩ፣ ለካሁ። የደረስኩበትን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ ግራፊክስ ካርድ በስሙ አይገዛም። የሚገዛው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ በቁመቱ፣ በሚወስደው ኃይልና በማስታወሻው ፍጥነት። ሦስቱንም አንድ በአንድ እንያቸው።

ለመሆኑ ካርድ ያስፈልጋችኋል?

ከቁጥሮቹ በፊት ግን ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ፊልም ለሚያይና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ተጨማሪ ካርድ ገንዘብ ማባከን ነው። በየቢሮው የምናያቸው የኢንቴል ኮር አይ3 እና አይ5 ኮምፒውተሮች ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ የግራፊክስ ክፍል አላቸው። ለዚህ ሁሉ እሱ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ለመነሳት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። አሮጌውን የሚሽከረከር ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ከማንኛውም ካርድ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አብሮ የተሠራው የግራፊክስ ክፍል የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከኮምፒውተሩ ራም ይበደራል። ራሙ ነጠላ ከሆነ በአንድ መንገድ ብቻ ይጓዛል፤ ሁለት ተመሳሳይ ራሞች በትክክለኛው ቦታ ከተሰኩ ግን መንገዱ ሁለት ይሆናል። በቁጥር ለማስረዳት፣ ነጠላ ዲዲአር3-1600 ራም በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ሁለቱ 25.6 ያስተላልፋሉ። ዲዲአር4-2400 ከሆነ ደግሞ 19.2 የነበረው 38.4 ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ነጠላ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ነበር የነበረው። እኔ የገዛሁላት ካርድ የማስታወሻ ፍጥነት 16.8 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። በዚያ ብር ሩብ ሁለተኛ ራም ብንጨምር ኖሮ መንገዱ 25.6 ይሆን ነበር። ይህን መንገድ ፕሮሰሰሩም እንደሚጋራው አይካድም። ቢሆንም ካርድ ከመግዛታችን በፊት ኬዙን ከፍተን ራሙን መቁጠር ምንም አያስከፍለንም ነበር።

ካርድ የሚያስፈልገው በሦስት አውታር ስዕል ለሚሠራ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ሦስትና አራት ሞኒተር ለሚያገናኝ፣ ወይም ልጆቹ ጌም ለሚጫወቱበት ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ወደ ቁጥሮቹ እንለፍ።

አንደኛው ቁጥር፤ ቁመት

በሀገራችን ገበያ በብዛት የምናገኛቸው ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር፣ በሦስት መጠን ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ሳጥን ነው። ሁለተኛው ከሞኒተር ሥር የሚተኛው ቀጭን ሳጥን ነው። ሦስተኛው ከመጽሐፍ የማይበልጠው ነው። ይህ ሦስተኛው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የካርድ ቦታ ጨርሶ የለውም። ለእሱ ካርድ እንሽጥላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩ፤ ዝም ብላችሁ ውጡ።

ቀጭኑ ሳጥን የሚቀበለው «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ነው። የዚህ ካርድ ቁመት 69 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የመደበኛው ካርድ 111 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ላይ የሚታሰረው ብረትም እንዲሁ አጭርና ረጅም አለው። ካርዱ አጭር ሆኖ ብረቱ ረጅም ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ስለዚህ አጭሩ ብረት ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን እዚያው ሱቅ ውስጥ አረጋግጡ። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ይህቺ ብረት ብዙ ጊዜ ጠፍታ ትገኛለች።

ውፍረትም አለ። አንዳንዱ ካርድ የሚይዘው የአንድ ስሎት ቦታ ሲሆን ማቀዝቀዣው ተለቅ ያለው ደግሞ የሁለት ስሎት ቦታ ይይዛል። በአንዳንድ ቀጭን ሳጥኖች ረጅሙ ስሎት ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ስለሆነ ሁለት ስሎት የሚይዝ ካርድ አይገባም። ማስመሪያ ይዛችሁ ቁመቱን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሱቅ ስትሄዱም ፎቶው ከእናንተ ጋር ይሂድ።

በመጨረሻም የሞኒተራችሁን መሰኪያ ተመልከቱ። በየቤቱ ያለው አሮጌ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። አዳዲስ ካርዶች ግን ቪጂኤ የላቸውም። ለሥራ የተሠሩት ካርዶች ደግሞ «ሚኒ ዲስፕሌይፖርት» የሚባል ትንሽ መሰኪያ ነው ያላቸው፤ ኤችዲኤምአይ እንኳ የላቸውም። መቀየሪያው ለብቻው ይገዛል። ካርዱን ገዝቶ መቀየሪያውን የረሳ ሰው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እያየ ያድራል።

ሁለተኛው ቁጥር፤ ዋት

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ለካርድ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ያስፈልገዋል። በቀጫጭን የቢሮ ሳጥኖች ውስጥ ይህ ገመድ የለም። ስለዚህ ለእኛ ሳጥን የመጀመሪያው ወሰን 75 ዋት ነው። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ከዚህም ያነሰ ወሰን ስለሚያስቀምጡ የኮምፒውተሩን ሞዴል ጽፋችሁ መመሪያውን ከኢንተርኔት ማውረድ አይከፋም።

ሁለተኛው ወሰን ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ በላዩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያላችሁ፤ ጠቅላላ ዋቱ እዚያ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ባለ 255 ዋት ነው። ከዚያ በኋላ በወጡት ቀጫጭን ሞዴሎች ውስጥ 180 ዋት ብቻ ያላቸው አሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 እስከ 84 ዋት ይወስዳል። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለማራገቢያ 40 ዋት ያዙለት። ባለ 75 ዋት ካርድ ቢጨመር ድምሩ 199 ይሆናል፤ ከ255 ውስጥ ወደ 78 በመቶ ማለት ነው። ባለ 40 ዋት ካርድ ከሆነ ደግሞ 164፣ ወደ 64 በመቶ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ለዓመታት ሳይንገዳገድ የሚሠራው ግን ሁለተኛው ነው። ፓወር ሰፕላዩ 180 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ቢሆን ባለ 75 ዋቱ ካርድ ድምሩን ልክ 180 ያደርሰዋል። ይህ ያለ መጠባበቂያ ወር እንደ መድረስ ነው፤ አንድ ቀን መብራቱ ሲወዛወዝ ኮምፒውተሩ ሥራችሁን ይዞ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገመድ የሚፈልግ ካርድ ይዞ «መቀየሪያ አለው፤ ከሃርድ ዲስኩ መስመር እንስብለታለን» የሚል ጠጋኝ ያጋጥማችኋል። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልቱ መስመር በኩል መሸከም የሚችለው 54 ዋት ሲሆን ባለ ስድስት እግሩ የካርድ መሰኪያ ደግሞ እስከ 75 ዋት ይጠይቃል። ልዩነቱ የሚወጣው በሙቀት ነው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከዚያም አልፎ እሳት ያስነሳል። እህቴ ቤት ውስጥ ይህ እንዲሆን አልፈቅድም፤ እናንተም አትፍቀዱ።

ሦስተኛው ቁጥር፤ የማስታወሻ ፍጥነት

እኔን ያሸነፈኝ ቁጥር ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «2 ጊጋባይት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የማስታወሻው ስፋት ነው። ሥራውን የሚወስነው ግን ማስታወሻው በሰከንድ ስንት ጊጋባይት ያመላልሳል የሚለው ነው። ጎተራው ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ ከሆነ እህሉ ቶሎ አይወጣም።

ጂቲ 1030 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 በሚባል ማስታወሻ ነበር፤ ፍጥነቱም 48 ጊጋባይት በሰከንድ። በ2018 ግን በዚያው ስም ዲዲአር4 ማስታወሻ ያለው ሌላ ካርድ ተለቀቀ፤ የዚህኛው ፍጥነት 16.8 ብቻ ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት ማለት ይህ ነው። የአውቶካድ ባለቤት የሆነው ኦቶዴስክ ለቅርብ ዓመታት የፕሮግራሙ እትሞች በዝቅተኛነት የጠየቀው 29 ጊጋባይት በሰከንድ ሲሆን የሚመክረው ደግሞ 106 ነው። አንደኛው 1030 ዝቅተኛውን ወሰን በደህና ያልፋል፤ ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ብዙም አይሻገር። ኩባንያው ይህንን ቁጥር በድረ ገጹ ላይ ለማንም አንባቢ አስቀምጦታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ይህ አመል የአንድ ካርድ ብቻ አይደለም። አርቲኤክስ 3050 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ባለ 8 ጊጋባይት፣ 130 ዋት የሚወስድና ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግ ነበር። በ2024 በዚያው ስም የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ ደግሞ 70 ዋት የሚወስድና ገመድ የማይፈልግ ነው። ለትንሽ ሳጥን የሚሆነው ሁለተኛው ነው። «3050 ስጠኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው የትኛውን እንደሚያገኝ የሚወስነው ሻጩ ይሆናል።

ከዚህም የከፋ አለ፤ ሐሰተኛ ካርድ። አሮጌና ብዙ ኃይል የሚበላ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተለውጦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ተደርጎ ይሸጣል። መፍትሔው «ጂፒዩ-ዚ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ከ2018 ወዲህ ያሉት የፕሮግራሙ እትሞች ብዙዎቹን ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶች ለይተው ያሳያሉ። የማስታወሻውን ዓይነትና ፍጥነቱንም በግልጽ ይጽፋሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ካርዱ ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይህ ገጽ ይከፈትላችሁ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ከዚህ በታች የማነሳቸው ሁሉም ከ75 ዋት ያልበለጡ ናቸው።

ተጨማሪ ሞኒተር ብቻ ለምትፈልጉ፦ ጂቲ 710 የሚባለው ርካሽ ካርድ 19 ዋት ብቻ ቢወስድም አትግዙት። ማስታወሻው የዘገየ ነው፤ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መስጠቱንም እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል። ያገለገለ ኳድሮ ፒ400 (30 ዋት፣ 32 ጊጋባይት በሰከንድ) ይሻላል።

ለስዕል ሥራ፦ ለሥራ ተብለው የተሠሩት ካርዶች ለእኛ ሳጥን የተሰፉ ያህል ናቸው። አጭር ናቸው፣ አንድ ስሎት ብቻ ይይዛሉ፣ ተጨማሪ ገመድም አይፈልጉም። ኳድሮ ፒ620 40 ዋት ወስዶ 80 ጊጋባይት በሰከንድ ይሰጣል። ቲ400 በ30 ዋት ይህንኑ 80 ይሰጣል። ቲ600 በ40 ዋት፣ ቲ1000 በ50 ዋት 160 ይሰጣሉ። ይህም ኦቶዴስክ ከሚመክረው 106 በላይ ነው።

ለቪዲዮ አቀናባሪ፦ የሠርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ጂቲኤክስ 1650 አጭሩን (75 ዋት፣ 128 ጊጋባይት በሰከንድ)፣ አቅም ካለ ደግሞ ባለ 6 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3050 አጭሩን ተመልከቱ። አርቲኤክስ ኤ2000 በ70 ዋት 288 ጊጋባይት በሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚህ ወገን ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስሎት ስለሚይዙ ማስመሪያውን አትርሱ። የኤኤምዲ ራዲዮን አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ለጌም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቪዲዮ የሚጽፍ ክፍል ስለሌለው ለአቀናባሪ አይሆንም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። የኢንቴል አርክ ኤ310 እና ኤ380 ካርዶች በዋጋቸው ያጓጓሉ፤ በአግባቡ የሚሠሩት ግን «ሪሳይዘብል ባር» የሚባል ቅንብር ባላቸው በአንጻራዊነት አዲስ በሆኑ ማዘርቦርዶች ላይ ነው። በአሮጌ የቢሮ ሳጥን ላይ አትሞክሩት። ሁለተኛው፣ ጂቲ 1030፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ፒ400 እና ፒ620 አንድ ትውልድ ናቸው። ለዚህ ትውልድ ኤንቪዲያ መደበኛ የድራይቨር ማሻሻያ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሞ የደህንነት ማሻሻያ ብቻ እስከ ጥቅምት 2028 ለመስጠት ወስኗል። ረጅም ዕድሜ የምትሹ ከሆነ ቲ400፣ ቲ600ና ጂቲኤክስ 1650 ይቅደሙ።

የሳጥኑንም ዕድሜ አስቡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ካርድ አሮጌ ሳጥን ውስጥ መክተት ለአሮጌ ቤት የወርቅ በር እንደ መግጠም ነው። ደግነቱ እነዚህ ትንንሽ ካርዶች ከሳጥን ወደ ሳጥን ይዛወራሉ።

ሙቀት፣ አቧራና መብራት

ካርዱ የሚወስደው ዋት በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ባለ 75 ዋት ካርድ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ ድሮ የምናውቀውን ባለ 75 ዋት ክር አምፖል ሳጥኑ ውስጥ አብርቶ ክዳን እንደ መዝጋት ነው። በሰኔ ወር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቬንቲሌተሩ ራሱ ሙቅ አየር በሚያመላልስባት መልካ ጀብዱ፣ በ30ና በ75 ዋት መካከል ያለው ልዩነት በመጽሐፍ ላይ ካለው ይበልጣል። ማራገቢያ የሌለው ካርድ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን የሳጥኑን አየር ስለሚተማመን ለሞቃት ክፍል አልመክረውም። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በየሁለት ወሩ ክዳኑን ከፍታችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልበል። ዩፒኤስ ላይ «650 ቪኤ» ተብሎ ሲጻፍ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ባትሪው የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። መብራት ሲጠፋ የእህቴ ልጅ የምትፈልገው ስዕሏን አስቀምጣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት የምታጠፋበት ጥቂት ደቂቃ ነው። አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ካርድ ይህን ጊዜ ይሰጣታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ለመደበኛ አገልግሎት የማይሆን ዕቃ ብቻ ሳይሆን በውሉ ለተነገረው ልዩ አገልግሎት የማይሆን ዕቃም ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። ቁልፉ «በውሉ ለተነገረው» የሚለው ነው። እኔ ለሻጩ የነገርኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። አውቶካድ አላልኩም፤ የማስታወሻውን ዓይነት አልጠቀስኩም። የሰጠኝ የጠየቅኩትን ነው። ፍርድ ቤት ብሄድ ኖሮ የራሴን ክስ ራሴ አፈርሰው ነበር።

ሕጉ ገዢውንም ያስገድዳል። ገዢ ዕቃውን ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። «አንድ ግራፊክስ ካርድ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ማስረጃ አይሆንም። ደረሰኙ ላይ ሙሉ ስሙን፣ የማስታወሻውን መጠንና ዓይነት፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን አስጽፉ። የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ስምም አስጨምሩ። ሐቀኛ ነጋዴ ይህን ለመጻፍ አይፈራም።

ይህ ጥንቃቄ ከመቼውም ይልቅ አሁን ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ የሚሠራ ስህተት ዋጋም በዚያው ልክ አደገ።

በመጨረሻ ምን ሆነ?

ያንን ካርድ በኪሳራ ሸጥነው። ልዩነቱን እኔ ከኪሴ ጨምሬ፣ ያገለገለ ቲ600 ከነአጭሩ ብረቱና ከነመቀየሪያው ገዛን። በዚህ ጊዜ ወደ ሱቅ የሄድነው ሁለታችንም ነን። እኔ ማስመሪያና ፎቶ፣ እሷ ፍላሽ ይዛ። ሻጩ ፕሮግራሙን ከፍቶ ሲያሳየን ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ 160። ደረሰኙ ላይ «ቲ600፣ 4 ጊጋባይት፣ ጂዲዲአር6፣ ያገለገለ፣ ለአውቶካድ» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ ብሩን ከእጇ አልለቀቀችም።

የመጋዘኑ ሥራ አልተመለሰም። ተቋራጩ ግን ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ደውሎላት በቀኑ አስረክባለች። ደረሰኙን በፕላስቲክ ከታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ለጥፋዋለች። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ እያሳየችኝ «አጎቴ፣ ይሄን እንዲህ አድርጌ ያጻፍኩት ከአንተ ተምሬ ነው» አለችኝ። ከምክሬ ይሁን ከስህተቴ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ቸር እንሰንብት።